ዛፍ ላይ ለሚቀመጥ አዳኝ የሚሆን ጃኬት፦ የሚሞቅና የማይንኮሻኮሽ

ጥያቄው ከሚኒሶታ የመጣ ነው። ጠያቂው ወንድማችን በኮምፓውንድ ደጋን (ጫፎቹ ላይ መንኮራኩር ባለው ዘመናዊ ደጋን) አጋዘን ያድናል። ኖቬምበር መጨረሻና ዲሴምበር ላይ ዛፍ ላይ በታሰረ መቀመጫ ሆኖ ይጠብቃል። እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ውድ የላባ ጃኬት ገዛሁ። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ይሞቀኛል። ከዚያ ከጀርባዬ ጀምሮ መንቀጥቀጥ ነው። ደጋኑን ስስብ ደግሞ ጃኬቱ ይንኮሻኮሻል፣ አጋዘኑም ቀና ብሎ ያየኛል። ቤት ስገባ ገበሩ እርጥብ ነው። ክርኑ ተቀዶ በካውያ የሚለጠፍ ጨርቅ አስለጥፌበታለሁ። ዚፑንም አንድ ሰፊ በትልቅ የብረት ዚፕ ቀይሮልኛል። የትኛውን ጃኬት ልግዛ?»

ወንድሜ፣ እኔ የቆምኩት «ገበሩ እርጥብ ነው» ያልከው ላይ ነው። ዝናብ የለም። በረዶውም በዚያ ብርድ ደረቅ ዱቄት ነው። ታዲያ ውሃው ከየት መጣ? ካንተው። ጃኬቱን ለብሰህ፣ ዚፑን እስከ አንገትህ ዘግተህ፣ ደጋንና ቦርሳ ተሸክመህ ከመኪናው እስከ ዛፉ ትሄዳለህ ብዬ እጠረጥራለሁ። ላብህ ላባው ውስጥ ገባ። ግማሽ ሰዓት የሞቀህ የመንገዱ ሙቀት ነው። እሱ ሲያልቅ ብርዱ ጀመረ። ከጀርባህ መጀመሩም ጥርጣሬዬን ያጠናክረዋል፤ ቦርሳ የተሸከመ ሰው ቀድሞ የሚያልበው ጀርባው ነው።

ውሃ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ፈጥኖ ያስተላልፋል። ጋቢ የሚያሞቀው በድርቡ መሃል የማይንቀሳቀስ አየር ስለሚይዝ ነው። የላባ ጃኬትም ሥራው ያው ነው። ላባው ሲረጥብ ግን እርስ በርሱ ይጣበቅና አየሩን ይለቃል። ያኔ ስንት ብር ያወጣህበት ጃኬት ስስ ጨርቅ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ መጀመሪያ አካሄድህን እናስተካክል። ጃኬቱ በቦርሳ ውስጥ ይሂድ። ከመኪና ስትወርድ ትንሽ ሊበርድህ ይገባል። ቀስ ብለህ ሂድ። ከውስጥ የጥጥ ካናቴራ እንዳትለብስ፤ ጥጥ ላብ ይይዛል፣ ቶሎም አይደርቅም። ቀጭን የሜሪኖ ሱፍ፣ ሜሪኖ ከሚባለው በግ የሚገኘው ለስላሳው ሱፍ፣ ይሻላል። ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ይዞ እንኳ ቆዳህ ላይ እርጥብ አይመስልም። ዛፉ ሥር ስትደርስ አሥር ደቂቃ ቆመህ ተንፍስ። ከቻልክ ደረቅ ካናቴራ ይዘህ ሂድና እዚያው ቀይር። ለአንድ ደቂቃ ያንዘፈዝፋል፣ ግን ሙሉ ጠዋት ያስቀምጥሃል። ጃኬቱን የምትለብሰው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ድምፁ። ይኼን ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ሻጮች የማይነግሩህ ነገር ስለሆነ ነው።

ጨርቅ በሦስት መንገድ ይጮኻል። አንደኛው መፋተግ ነው። የላባ ጃኬት ፊቱ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሸመነ ለስላሳ ናይለን ነው፤ እንዲያ ካልሆነ ላባው ያመልጣል። ሁለት ለስላሳ ናይለኖች ሲፋተጉ ዝም ብለው አይንሸራተቱም። ይያያዛሉ፣ ይላቀቃሉ፣ እንደገና ይያያዛሉ። ይኼ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ሲሆን «ሽው» የሚል ቀጭን ድምፅ ይወጣል። ሁለተኛው መታጠፍ ነው። ውሃ የማያስገቡ ጃኬቶች ከጨርቁ ጀርባ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን አላቸው። እጅህን ስታጥፍ ሽፋኑ ቀስ ብሎ አይታጠፍም፤ ይቋቋምና በድንገት እጥፍ ይላል። ያ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ እሱ ነው። ፕላስቲክ ደግሞ በብርድ ይጠነክራል። ሱቅ ውስጥ ዝም ያለው ጃኬት ጫካ ውስጥ የሚንኮሻኮሸው ለዚህ ነው። ዛፍ ላይ ቆይተህ ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ ይብሳል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ከውስጥ የሚመጣው ድምፅ ነው። ፊቱ ፍሊስ (ለስላሳ፣ ፀጉራም የፖሊስተር ጨርቅ) ሆኖ ገበሩ ናይለን የሆነ ጃኬት አለ። ከውጭ ስትዳስሰው ጸጥ ያለ ነው። ክንድህን ስታነሳ ግን ገበሩ ከሹራብህ ጋር ይፋተጋል።

አጋዘን ይኼን ድምፅ ከኛ በተሻለ ይሰማዋል። የሰው ጆሮ በጥሩ ዕድሜው እስከ 20 ኪሎኸርዝ ገደማ ይሰማል፤ ኪሎኸርዝ የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል። ነጭ ጭራው አጋዘን ከዚያ አልፎ እስከ 30 አካባቢ ይደርሳል። በጣም ጥርት ብሎ የሚሰማውም ከ4 እስከ 8 ኪሎኸርዝ ባለው ነው። የናይለን ፍትጊያ ቀጭን ድምፅ ስለሆነ እዚያው ሰፈር ውስጥ ይወድቃል። በዚያ ላይ ጫካ ውስጥ እንደ ናይለን የሚጮኽ ነገር የለም። ቅጠል ሲረግፍ፣ ቅርንጫፍ ሲሰበር አጋዘኑ ለምዶታል። አንተ የምትስበውም ከሃያ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ሆኖ ነው። ቀና ማለቱ አይገርምም።

ሱፍና ፀጉሩ የተነሳ ፍሊስ ለምን ዝም ይላሉ? ፊታቸው ላይ ሺህ በሺህ የክር ጫፍ አለ። ሲነካኩ ጫፎቹ ይተኛሉ እንጂ አይፋተጉም። ቀጭኑን ድምፅም ራሳቸው ይውጡታል። ድክመታቸው ነፋስ ነው፤ ተራ ፍሊስ ነፋስን እንደ ወንፊት ያሳልፋል። ስለዚህ የምትፈልገው ከውጭ ጸጥ ያለ ፊት፣ ከሥሩ ነፋስ የሚያቆም ነገር፣ ከዚያ ሥር አየር የሚይዝ ሙቀት ነው። ነፋስ የሚያቆመው ጨርቅ ከላይ ከሆነ ድምፁን አታመልጠውም።

እንዲያ ከሆነ ግን አዲስ ጃኬት ለምን ትገዛለህ? ነፋስ የሚያቆመውም፣ የሚያሞቀውም በእጅህ አለ። የጎደለህ ከላይ የሚደረበው ጸጥ ያለ ልብስ ብቻ ነው። ካንተ ልክ አንድ ወይም ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ወፍራም የሱፍ ሹራብ ወይም የፍሊስ ጃኬት ፈልግ። ያገለገለ ልብስ የሚሸጥበት ቤት የድሮ የሱፍ ካፖርትና ሹራብ በርካሽ አይጠፋም። አዲስ ካልክም እዚያው ሚኒሶታ፣ ቤሚጂ ከተማ ውስጥ ከ1920 ጀምሮ የሱፍ ልብስ የሚሠራ ቤት አለ። ሰፊ ይሁን፤ ጠባብ ከሆነ ላባውን ይጨፈልቅብሃል።

እዚህ ላይ ደህንነት። መቀመጫው ላይ ስትወጣ ሰውነትህን ሙሉ የሚይዘውን የደህንነት ቀበቶ፣ ሃርነሱን ማለቴ ነው፣ ታጥቀህ ነው። ይኼ ድርድር የለውም። ወፍራም ልብስ የደረበ ሰው «አላስታጥቅ አለኝ» ብሎ ሲተወው አይቻለሁ። የማያስታጥቅህ ልብስ ከሆነ ልብሱን ተው።

አደራረቡ እንዲህ ይሁን። ከዛፉ ሥር የላባው ጃኬት፣ በላዩ ሃርነሱ፣ ከዚያ በላይ ሱፉ ወይም ፍሊሱ። የሃርነሱ ማሰሪያ ከጀርባ በኩል መውጣት አለበት። ስለዚህ የላይኛውን ልብስ ጀርባ ትቀዳለህ። ቤት ውስጥ ሁሉንም ልበስና ማሰሪያው የሚወጣበትን ቦታ ሰው በጠመኔ ምልክት ያድርግልህ። ቁመቱ አሥር ሳንቲሜትር ያህል ይሁን፤ ማሰሪያው ሲወጠር ጨርቁን መጎተት የለበትም። ፍሊስ ከሆነ ክሩ አይተረተርም፤ ዙሪያውን በዚግዛግ መስፋት ይበቃል። ሹራብ ከሆነ ሳትቀደው በፊት በምልክቱ ዙሪያ ሁለት መስመር ስፋ፤ አለዚያ እስከ ወገብ ይተረተራል። ሁለቱን ጫፎች ደጋግመህ አጠንክር። መርፌው ለፍሊስና ለሹራብ ጫፉ ድብልብል ያለው፣ ቁጥር 90 ይሁን። ክሩ ፖሊስተር ይሁን። ፍሊስን በካውያ እንዳትነካው፣ ይቀልጣል።

የሃርነሱን ጠፍር ግን በመርፌም፣ በመቀስም፣ በካውያም አትንካው። አንድ ጥልፍ እንኳ አይገባበትም። አምራቹ የጻፈበት ዕድሜ ካለፈ፣ ወይም ሰው ወድቆበት ከያዘ፣ ይጣላል።

የላባ ጃኬትህን እንዳትቀድ፣ እንዳትሰፋም። በእያንዳንዱ የመርፌ ቀዳዳ ላባ ይወጣል። ወደ ክርኑ ጥገና የምመጣውም በዚህ ነው። በካውያ የሚለጠፍ ጨርቅ በናይለን ላይ! ይኼን ሳይ ያናድደኛል። ሙጫውን ለማቅለጥ የሚበቃው ሙቀት ናይለኑንም ሊያኮማትረው ይችላል። ሲታጠብ ደግሞ ጠርዙ ይነሳና እንደ ብራና ይንኮሻኮሻል። ያስለጠፍክበት ሰው ገንዘብህን ነው የበላው። በቀላሉ ከተላቀቀ አንሳው፤ አሻፈረኝ ካለ አትጎትተው፣ ይቀደዳል። በአልኮል ጠርገህ አድርቀውና ራሱ የሚጣበቅ የናይለን ጥገና ቴፕ ለጥፍበት። የቴፑን ማዕዘኖች ክብ አድርገህ ቁረጥ፤ ሹል ማዕዘን ሁሌም ቀድሞ ይነሳል።

ዚፑም ያው ነው። ቀላል የላባ ጃኬት ላይ ከባድ የብረት ዚፕ መትከል ልብሱን ካለማወቅ ነው። ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሽህ ላዩ ላይ በረዶ ይሠራል፣ መጎተቻው ቀጭ ቀጭ ይላል። እንደገና አስቀይረው አልልህም፤ ጨርቁ ሁለቴ ተሰፍቷል፣ ሦስተኛውን አይችልም። የብረት መጎተቻውን በጉጠት ቆርጠህ አውጣና ገመድ እሰርበት። ጥርሱን በሻማ እሸው። ጥርሱን የሚዘጋው የዚፑ ራስ እየዘለለ ከሆነ የራሱን ሁለት ጎኖች በፒንሳ በጣም በትንሹ ጫን ጫን አድርግ። ከላይ የምትደርበው ልብስ ላይ ደግሞ ቬልክሮ ካለ ፈትተህ ጣለው። በቁልፍ ተካው።

ልብሱን ደርበህ ደጋኑን ስበህ ሞክር፣ ግን ኢላማ ፊት ቆመህ፣ ቀስት ሰክተህ። ባዶ ደጋን ስበህ ከለቀቅክ ደጋኑ ሊሰበር፣ አንተም ልትጎዳ ትችላለህ። ሦስት ነገር ተመልከት። ገመዱ የደጋን እጅህን እጅጌ ይነካል? ከነካ ቀስቱ ይስታል፤ እጅጌውን አጥብብ ወይም የክንድ መከላከያ በላዩ እሰር። ኮሌታው ወይም ኮፍያው እጅህ ፊትህ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ይሸፍናል? የኮፍያው ገመድና የደረት ኪስ ክዳን ገመዱ መንገድ ላይ ይገባሉ? ገመዶቹን አውጣቸው። የቀዘቀዘ ጡንቻ በወፍራም ልብስ ውስጥ እንደ በጋው አይስብም፤ የደጋኑን የመሳቢያ ክብደት፣ ገመዱን ለመሳብ የሚጠይቀውን ኃይል ማለቴ ነው፣ ጥቂት ቀንስ። የሚኒሶታ ሕግ ለአጋዘን ቢያንስ 30 ፓውንድ ይላል፣ ከዚያ እንዳትወርድ።

ግድ ልግዛ ካልክ፣ ሱቅ ውስጥ በጣት መዳሰሱን አትመን። መመለስ የሚቻልበት ቤት ግዛ። መለያውን ሳትቆርጥ ጃኬቱን በላስቲክ ጠቅልለህ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድረው። የቤት ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ሴልሺየስ፣ ማለት ዜሮ ፋራናይት ገደማ ነው፤ ብርዱ የጠናበት የዲሴምበር ጠዋትህ ያው ነው። ጠዋት ወዲያው ልበሰውና ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ክንድህን አንሳ። ሌላ ሰው ከክፍሉ ማዶ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ። እሱ ድምፅ ከሰማ ጃኬቱን መልሰው። ከጀርባ ለሃርነስ ማሰሪያ የተዘጋጀ ቀዳዳ፣ ብብት ሥር መተንፈሻ ዚፕ፣ ከፊት ሁለቱን እጅ የሚያስገባ ኪስ ያለው ይሁን። በጣም ርካሽ የሆነው «የአዳኝ ጃኬት» ፊቱ ብቻ ሱፍ መስሎ ውስጡ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። በቅጠል ሥዕሉ አትታለል።

እጥበቱን በአጭሩ፦ ማለስለሻ አይገባም፣ ልብስ የሚያነጣ ሳሙናም አይገባም። አጋዘን ሰማያዊንና ከሱ በላይ ያለውን፣ አልትራቫዮሌት የሚባለውን ብርሃን ከኛ በተሻለ ያያል፤ የሚያነጣው ሳሙና ልብሱን ያበራበታል። ላባውን በማድረቂያ ማሽን፣ በትንሽ ሙቀት፣ ሁለት የቴኒስ ኳስ ጨምረህ፣ መሃሉ እስኪደርቅ አድርቀው።

አወጣጡን ልድገመው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚወድቀው ሲወጣና ሲወርድ ነው። ሃርነሱን ዛፉ ላይ ካለው ገመድ ጋር የምታያይዘው እግርህ ከመሬት ሳይነሳ ነው፤ የምትፈታውም መሬት ከረገጥክ በኋላ። ደጋኑን ይዘህ አትውጣ፤ ከላይ ሆነህ በገመድ ሳበው። ወፍራም ልብስ የለበሰ ሰው እግሩን አያይም፣ እጁም እንደልቡ አይዞርም። ሁሉንም ደርበህ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብለህ፣ ሰው አጠገብህ ቆሞ፣ ሃርነሱ ላይ ተንጠልጠልና ሞክረው። ቀዳዳው ልክ ቦታው ላይ ካልሆነ ያኔ ታውቀዋለህ።

የጠመንጃው ወቅት ከደጋኑ ጋር በሚደራረብበት ጊዜ ደማቅ ብርቱካን ወይም ሮዝ መልበስ ግዴታህ ነው። ሱቅ በር ላይ በጥቂት ዶላር የሚሸጠው የፕላስቲክ ቬስት የሠራነውን ሁሉ ያበላሻል። ከብርቱካን ፍሊስ የተሰፋውን ፈልግ። እሱንም ከሁሉ በላይ ስለምትለብሰው ጀርባውን ከሱፉ ቀዳዳ ጋር እኩል አድርገህ ቅደደው፤ ማሰሪያው በሁለቱም ውስጥ ቀጥ ብሎ ይውጣ።