«ስለራስሽ ንገሪን» ሲሉሽ ምን ትመልሻለሽ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ የመጀመሪያ ኢንተርቪውሽ ደርሷል፤ «ስለራስሽ ንገሪን ሲሉኝ ከስሜ ሌላ ምን እላለሁ? የሥራ ልምድ እንኳ የለኝም» ብለሻል። ለዓመታት ከጠያቂዎቹ ጋር ተቀምጫለሁና በእኛ በኩል የሚታየውን ልንገርሽ።

ሲቪሽ እጃቸው ላይ ነው። ስምሽን፣ የተመረቅሽበትን ዓመት፣ ውጤትሽን እያዩት ነው። አብዛኛው ተወዳዳሪ ግን ያንኑ መልሶ ያነብላቸዋል። የት እንደተወለደ፣ አንደኛ ደረጃን የት፣ ሁለተኛ ደረጃን የት እንደተማረ ይዘረዝራል። ጠያቂው አቀርቅሮ ወረቀት ማገላበጥ የሚጀምረው ያኔ ነው። ንቆ አይደለም፤ የሚይዘው ነገር አጥቶ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ቀጥሎ የምትጠየቂው፣ አብዛኛውን ጊዜ አንቺው ካነሳሽው የሚመዘዝ ነው። ራስሽን ስታስተዋውቂ ቀጣዩን ጥያቄ እየመረጥሽላቸው ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ደጋግመው ቢጠይቁሽም መልስ የማታጪበትን ነገር አንሺ። በቅጡ የማታውቂውን ሶፍትዌር ለማሳመር ብለሽ «እችላለሁ» ካልሽ፣ ቀጥሎ የሚመጣው እሱ ነው። ይህ ሲሆን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ጎበዝ ልጅ በዚህ ስትወድቅ ማየት ያሳዝናል።

አሁን «ልምድ የለኝም» ወዳልሽው ልምጣ። ልምድ ማለት ደሞዝ የተከፈለበት ብቻ አይደለም። ኢንተርንሺፕ ላይ የነካሽው ሥራ፣ የመመረቂያ ጽሑፍሽ፣ የክበብ ገንዘብ ያዥ ሆነሽ ከሆነ እሱም ይቆጠራል። ዋናው፣ አንዱን መርጠሽ ቀረብ አድርገሽ ማሳየትሽ ነው። ለምሳሌ እንዲህ፦

«በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። ኢንተርንሺፕ የወጣሁት ፋይናንስ ክፍል ነበር፤ ባንክ ሪኮንሲሌሽን (የባንክ ስቴትመንትን ከድርጅቱ መዝገብ ጋር ማመሳከር) ላይ አግዝ ነበር። አንድ ጊዜ የባንኩ ስቴትመንትና የእኛ መዝገብ አልገጥም አለ። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ሳመሳክር ሁለቴ የተመዘገበ ክፍያ አገኘሁ። ይህን ሥራ የወደድኩት ያኔ ነው። ማስታወቂያችሁ ላይ ክፍያ መከታተልና ማመሳከር የሚል ስላየሁ አመለከትኩ።»

አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ግን ጠያቂው «ስህተቱን እንዴት አገኘሽው?» ማለቱ አይቀርም፤ አንቺም በደንብ የምታውቂውን ታስረጃለሽ። ይህን ምሳሌ ግን እንዳትገለብጪው፤ በሁለተኛው ጥያቄ ይታወቃል። የራስሽን ፈልጊ፣ አለሽ።

«ታታሪ ነኝ፣ ታማኝ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እችላለሁ» የሚለውን ተዪው። እንዲህ የማይል ተወዳዳሪ የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ማንንም ከማንም አይለይም። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ያመሳከረች ልጅ ታታሪ መሆኗን ሰሚው ራሱ ይደርስበታል። ሃይማኖት፣ ትዳር፣ የቤተሰብ ችግርም እዚህ ቦታ የላቸውም። «ቤተሰቤን የማስተዳድረው እኔ ነኝ» ሲባል አንጀት ይበላል፣ እውነቴን ነው። ግን ነጥብ የሚሰጠው በሥራው መስፈርት ስለሆነ ጠያቂው ሊረዳሽ አይችልም።

ልምምዱን በተመለከተ፣ ሙሉውን አትሸምድጂ። የተሸመደደ ነገር አንድ ቃል ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ በቃልሽ ያዢ፣ ፍርሃቱ የሚበረታው እዚያ ላይ ነው። የቀረውን ነጥቦቹን ይዘሽ በየጊዜው በሌላ ቃል ተናገሪው። በስልክሽ ቅጂና አዳምጪው። ከሁለት ደቂቃ ካለፈ አሳጥሪው። ጠያቂዎቹ ብዙ ሆነው ከተቀመጡ የጠየቀሽን ሰው ብቻ አትዪ፤ ሌሎቹም ነጥብ ይሰጣሉ።

ስትጨርሺ ደግሞ ጨርሺ። ለምን ይህን ሥራ እንደፈለግሽ ከተናገርሽ በኋላ ዝም በይ። ጠያቂዎቹ ማስታወሻ እየጻፉ ሊሆን ይችላል። ዝምታው አስፈርቷቸው «እ... ሌላ ደግሞ...» እያሉ ጥሩውን መልስ የሚያበላሹ ብዙ ናቸው።

የማስታወቂያውን የሥራ ዝርዝርና ኢንተርንሺፕ ላይ የሠራሽውን እዚሁ ጻፊልን። የትኛውን ብታነሺ እንደሚሻል አብረን እናየዋለን።