የአያቱን ቬስፓ ለያይቶ ለመሸጥ ላሰበው ልጅ፣ ለእኩዮቹም

ሰሞኑን አንድ ወጣት ደውሎልኝ ከአያቱ የወረሰው ባለ 150 ሲሲ ቬስፓ ጓሮ እንደቆመ፣ ሞተሩም እንደነከሰ፣ ማለትም ተጣብቆ አልዞር እንዳለ ነገረኝና «ጋሼ፣ ለያይቼ ብሸጠው አይሻልም?» አለኝ። አይሆንም አልኩት። ምክንያቱን ግን በስልክ መጨረስ አልቻልኩም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስብኝ ያደረ አሮጌ ቁጭት አለና።

በ1970ዎቹ ፒያሳ አንድ ጋራዥ ውስጥ ተለማማጅ ነበርኩ። አለቃዬ ሙያውን የተማሩት ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ ከቀሩ ጣሊያን መካኒክ ነው። የካንዴላውን ቀለም አይተው ሞተሩ ምን እንደሚያመው ይናገሩ ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን ቬስፓ በጋሪ አስጭነው መጡ። ባለቤታቸው አስተማሪ ነበሩ፤ ልጃቸው ሊጎረምስ ነውና በአባቱ ቬስፓ ሲሄድ ማየት ይፈልጋሉ። አለቃዬ ሂሳብ እንኳ ሳይነግሯቸው ተቀበሉ።

ሞተሩን ስንከፍተው ችግሩ የሞተሩን ውስጥ ዕቃ ከሚያቅፉት ሁለት ግማሾች፣ ካርተር ከምንላቸው፣ ትልቁ ላይ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ በወጣው በዚያ ዓይነት 150 ሞተር ላይ ቤንዚንና አየሩን የሚያስገባና የሚዘጋ ለብቻው የተሠራ ቫልቭ የለም። ሥራውን የሚሠራው ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ፣ የኮሎው ክብ ጎን ራሱ ነው፤ ካርተሩ ላይ ካለ ለስላሳ ፊት ጋር ሊነካካ ጥቂት ሲቀረው እየዞረ ቀዳዳውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አሸዋ ገብቶ ያንን ፊት ከጫረው የገባው ተመልሶ ይወጣል፤ ሞተሩም በእሺታ አይነሳም። የአስተማሪው ካርተር ክፉኛ ተጭሯል። ሲሊንደሩ ቢሆን ብረት ነው፣ ሬቲፊካ ገብቶ (ውስጡ ተፍቆ) ከፍ ያለ ፒስተን ይለብሳል። ለካርተሩ ግን ሌላ ካርተር ከማግኘት በቀር መላ አልነበረንም።

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ አንድ የተጨፈለቀ ቬስፓ እንደገባ ወሬ ደረሰን። አለቃዬ በእጄ የያዝኩትን ሥራ ጨርሼ እንድሄድ አዘዙኝ፤ ከሰዓት ደረስኩ። የዚያን ሰፈር ድምፅ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ መዶሻው ከየአቅጣጫው ነው፣ ሰው ከሰው የሚነጋገረው በጩኸት ነው። የዘይት ቆርቆሮ ኩራዝ፣ በርሜል ምድጃ ሲሆን ቆሜ ማየት እወድ ነበር። ትልቁን ካርተር አገኘሁት። ፊቱን በጥፍሬ ዳሰስኩት፤ አንድ ጭረት የለውም። ልቤ ዘለለ። ትንሹስ ስል ባለቤቱ ወደ ማቅለጫው አመለከቱኝ። ጠዋት ሄዷል። ድስት ሆኗል።

ሁለቱ የካርተር ግማሾች ፋብሪካ ውስጥ አንድ ላይ ተገጥመው ነው በማሽን የሚላጡት። የኩሽኔታዎቹ ቤት ልክ የሚመጣው ከተላጠበት ጓደኛው ጋር ብቻ ነው። አለቃዬ ይህን እያወቁም ያመጣሁትን ትልቁን ከአስተማሪው ትንሹ ጋር አሰሩት። ኮሎውን በእጃቸው ሲያዞሩት ያዘ። ፈቱት፣ እንደገና አሰሩት፤ ያዘ። ቶርኖ ቤት ወሰዱት፤ አልሆነም። እናትየው ሲመጡ የነገሯቸው አለቃዬ ናቸው፤ እኔ ከጀርባ ቆሜ ነበር። ሴትየዋ አልተቆጡም፣ ስለ ልፋታችን አመስግነው ቬስፓውን እንደመጣ በጋሪ አስወሰዱት። ልጁን አንድም ቀን አላየሁትም። ጠዋት ላይ ሰው ልከን ቢሆን ኖሮ የሚለው ሐሳብ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

አቅላጮቹን አልወቅስም፤ እንጀራቸው ነው፣ ከተማውም ድስቱን ይፈልገዋል። የምወቅሰው መጀመሪያ የለያየውን ሰው ነው። እርግጥ የእኛም ጋራዥ የኖረው ሌላ ሰው በለያየው ዕቃ ነው፤ ይህን አልክድም። ቢሆንም እላለሁ፦ አብሮ የተላጠን ነገር አትለያዩ። የሞተ ሞተር ስትገዙ ቡሎንና ዳዶው ሳይቀር ሙሉውን ግዙ። ሻጩ «ግማሹን ልስጥህ» ካለ ሌላኛውን ግማሽ ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ።

ዝገት ስለማስለቀቅ አልነግራችሁም፤ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። በስልካችሁ የዕቃ ቁጥር ፈልጋችሁ በአንድ ሌሊት የምታገኙትን እኛ ለማግኘት ዓመት ይፈጅብን ነበር፣ በዚህ እቀናባችኋለሁ። የማይገባኝ ለማብረቅ ያላችሁ ችኮላ ነው። ሞተሩ ሳይነሳ ፓራፋንጎው (የጭቃ መከላከያው) ቀለም ተቀብቶ፣ ፎቶ ተነስቶ አያለሁ። አንዳንዶቻችሁማ የፋብሪካውን ቀለም በሞላ ፍቃችሁ ትጥላላችሁ፤ ያ ቀለም አንዴ ከሄደ ከየትም አይመጣም።

ምናለሽ ተራም ሆነ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ የዕቃውን ስም ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ የተሰበረውን ዕቃ ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። ማልዳችሁ ድረሱ፤ ጭነቱ የሚራገፈውና የሚመረጠው ጠዋት ነው። ሰፈራችሁ የሚዞረውን ቁራሌ ሰላም በሉት፣ የምትፈልጉትን አሳዩት፣ ስልካችሁን ስጡት። ዕቃው ወደ ማቅለጫው ከመድረሱ በፊት የሚያልፈው በእሱ ጆንያ ነው።

ኩሽኔታና የፍሬን ሸራ ግን ከቁርጥራጭ መሃል አትልቀሙ፤ አዲስ ግዙ። የስምንት ኢንቹን ቸርኬም ከውስጥ በኩል በሽቦ ብሩሽ ፈትጋችሁ እዩት፣ ዝገቱ ብረቱን በልቶት ከሆነ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ሙሉ ቬስፓ ካገኛችሁ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ሊብሬውን ጠይቁ። የሻንሲውን ቁጥር ከቆርቆሮው ላይ በራሳችሁ ዓይን አንብባችሁ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ፤ ካልገጠመ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት።