ለአማቴ ለብቻ የሚሠራው ወጥ

ጥያቄ፦ የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። የባለቤቴ እናት 71 ዓመታቸው ሲሆን፣ ደም ግፊት እንዳለባቸው ከታወቀ ወዲህ መድኃኒታቸውን በየቀኑ ይወስዳሉ። ጤና ጣቢያ ጨው እንዲቀንሱ ስለተነገራቸው ወጣቸውን ያለ ጨው፣ በትንሽ ድስት ለብቻ እሠራለሁ፤ እሳቸው ግን ሁለት ሦስቴ ጎርሰው ይተዉታል። ሰሞኑን አልጋቸውን ሳነጥፍ ከትራሳቸው ሥር በወረቀት የተቋጠረ ጨው አገኘሁ። መናገሩ ነውር ሆነብኝ፤ ዝም ማለቱም ጨነቀኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የትራሱን ጨው አይተው እንዳላዩ ይለፉት። ችግሩ የጀመረው ከትንሿ ድስት ይመስለናል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቤተሰብ ጋር ከአንድ ትሪ ሲቆርሱ የኖሩ እናት በስተርጅና ለብቻቸው ጨው የሌለው ወጥ ሲቀርብላቸው፣ ከማዕድ እንደተለዩ ቢሰማቸው አይፈረድባቸውም። ስለዚህ ትንሿን ድስት ይተዉና ለሁሉም የሚሠራውን የቤቱን ወጥ ጨው ይቀንሱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለማንኛውም አዋቂ የሚመክረው የቀን ጨው ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ስለሆነ፣ ለእሳቸው ተብሎ የሚቀነሰው ለእርስዎና ለባለቤትዎም ይበጃል።

ይህ የ5 ግራም ልክ በዳቦው፣ በበርበሬውና በሽሮው ውስጥ ያለውንም ጨው ይጨምራል፤ ብዙ ቤት የሚዘነጋው ይህንን ነው። ከባልትና ቤት የሚገዛ ምጥን ሽሮ ብዙውን ጊዜ ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፤ እኛ ደግሞ ሲንተከተክ በልማድ ሌላ ቆንጥረን እንጨምርበታለን። በሚቀጥለው ጊዜ በርበሬውና ሽሮው ያለ ጨው ይዘጋጁ፤ ምጥኑንም አማትዎ እንዲመሩት ይጠይቋቸው። ኮረሪማው፣ ነጭ አዝሙዱና በሶብላው ምን ያህል እንደሚበቃ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ በቤቱ ያለ አይመስለንም፤ በዚያውም ሞያቸው ይከበርላቸዋል። ወጡ ሊወጣ ሲል የሚገባው ጨው በእጅ ከሚበተን በሻይ ማንኪያ ይለካ። በአንድ ጊዜም አያጥፉት፤ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ሲቀነስ ምላስ ይለምደዋል። ቋንጣና የሾርባ ኩብ ቢቀሩ ይሻላል።

በጾም ሰዓት ክኒኑ እንዳይዘለል የሚወስዱበትን ሰዓት ከሐኪማቸው ጋር ያስተካክሉ፤ ነጭ ሽንኩርት መዋጥም የመድኃኒቱ ምትክ አይሆንም። ጎመን፣ ምስርና ሙዝ ፖታሲየም የተባለው ማዕድን ስላላቸው ለግፊት ይረዳሉ፤ ኩላሊታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ግን መጠኑን አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ። በጨው ፈንታ የሚሸጠው ፖታሲየም ያለበት ዱቄትም፣ በተለይ ኢናላፕሪል የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው፣ አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ሐኪማቸው ሳይፈቅድ አይግዙላቸው።