ቤታ ዓሣ ከማን ጋር ይኑር?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ቤታ፣ በቤት ውስጥ ገንዳ ስለሚያዘው ትንሽ ባለ ረጅም ክንፍ ዓሣ፣ ናቸው። የተወሰኑትን ዛሬ ልመልስ።

«ወንድ ቤታ አለኝ። 10 ሊትር በምትይዝ ገንዳ ውስጥ ብቻውን ሲዞር ሳየው አንጀቴን ይበላዋል። ጓደኛ ልግዛለት?»

አይግዙለት። ቤታ በመንጋ የሚኖር ዓሣ አይደለም። በትውልድ አገሩ በታይላንድ፣ ሣር በሞላው ረግረግና በሩዝ ማሳ ውሃ ውስጥ፣ ወንዱ የራሱን ክልል ይዞ ነው የሚኖረው። እዚያ «ፕላ ካት» ይሉታል፤ ተናካሽ ዓሣ ማለት ነው። ብቻውን መሆኑ አይጎዳውም። በ10 ሊትር ውሃ ውስጥ ሌላ ዓሣ ከገባ ግን አንዱ ከሌላው የሚሸሽበት ቦታ የለም። ብሩን ሰፋ ላለ ገንዳ ያውሉት። ለብቻው 20 ሊትር ይበቃዋል፤ ከሌሎች ጋር ከሆነ ቢያንስ 40፣ ቢቻል 60 ይሁን።

«ጎልድፊሽ አለን። ልጆቼ ቤታ ካልጨመርን ብለው ያዙኝ። አብረው ይኖራሉ?»

አይኖሩም፤ ምክንያቱ ጠብ ብቻ አይደለም። ጎልድፊሽ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይስማማዋል። ቤታ ደግሞ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይፈልጋል። አንዱን ሲያስደስቱ ሌላው ይታመማል። ጎልድፊሽ ብዙ ስለሚበላም ውሃውን ቶሎ ያቆሽሻል።

የአዲስ አበባ አንባቢዎች ይህን የሙቀት ነገር አደራ። በክረምት ሌሊት ማሞቂያ የሌለው ገንዳ በቀላሉ ከ20 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቤታው ከታች ተኝቶ ምግብ እምቢ ካለ፣ መድኃኒት ከመፈለጋችሁ በፊት ቴርሞሜትር አስገቡ። መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፤ ከላይ ግን አትድፈኑት። ቤታ ወደ ላይ እየወጣ አየር ይስባል።

«የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አባቴ 60 ሊትር ገንዳ ገዛልኝ። ዕፅዋትም ተክዬበታለሁ። ከቤታ ጋር ማንን ላስገባ?»

ጎሽ ወንድሜ! ዕፅዋቱን አስቀድመህ መትከልህ ትልቅ ነገር ነው፤ መደበቂያ ይሆናል። ለታችኛው ክፍል ኮሪዶራስ ከሚባሉት ባለ ጢም ዓሦች ትንንሾቹን ዝርያዎች ምረጥ። ወለሉን እየፈተሹ ስለሚውሉ ከቤታው መንገድ አይገቡም። ከስድስት አታሳንሳቸው፤ ጢማቸው እንዳይጎዳም ከጠጠር ይልቅ ለስላሳ አሸዋ አንጥፍ። ለመሃሉ ኤምበር ቴትራ ወይም ሃርለኩዊን ራስቦራ የሚባሉት ትንንሽ ዓሦች ጥሩ ናቸው። አንዱን ብቻ ምረጥና እነሱንም ስድስት ወይም ስምንት አድርጋቸው።

ቤታውን መጨረሻ ላይ አስገባ። ቀድሞ ከገባ ገንዳው ሁሉ የኔ ነው ይላል። በመጀመሪያው ቀን ጉንጩን ነፍቶ ትንሽ ቢያባርር አትደንግጥ። ማባረሩ ካላቆመ ወይም የማንም ክንፍ ተቀድዶ ካየህ ግን ያንኑ ቀን ለየው። ለዚህ የሚሆን ሌላ ዕቃ ከወዲሁ አዘጋጅ። ዓሣ እንደ ሰው ጠባዩ ይለያያል፤ አንዳንዱ ቤታ ማንንም አይቀበልም።

«ጉፒስ? ታይገር ባርብስ?»

ሁለቱንም ዓሦች ተዉአቸው። የጉፒ ሰፊ ባለ ቀለም ጅራት ለቤታው ሌላ ወንድ ቤታ ይመስለዋል። ታይገር ባርብ ደግሞ የቤታውን ረጅም ክንፍ እየነጨ ይጨርስበታል።

«ሽሪምፕና ቀንድ አውጣስ?»

ቼሪ ሽሪምፕ፣ ብዙ እግር ያለው ትንሽ የውሃ እንስሳ፣ ለብዙ ቤታ ምግብ ነው። እኔ አምስት አስገብቼ በሳምንቱ አንድም አላገኘሁም፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ኔራይት የሚባለው ቀንድ አውጣ ግን የምወደው ጎረቤቱ ነው። ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፣ መስታወቱ ላይ የሚይዘውን አረንጓዴ ነገር ይበላል፣ እንቁላሉም ጨው በሌለው ውሃ ስለማይፈለፈል ገንዳውን አይሞላም።

«ሴት ቤታ ላምጣለት?»

ለማራባት ካልሆነ አያምጡ። ለማራባትም ቢሆን ሴቷ እንቁላል እንደጣለች ወዲያው ያውጧት። ወንዱ በአረፋ የሠራውን ጎጆ ሲጠብቅ እሷንም አያስጠጋትም፤ እስከ መግደል ሊደርስ ይችላል።