ቫኩም ቻምበር ሳይኖርሽ በፕላዝማ ሞገድ ላይ ለመሥራት

እህታችን፣ ዘንድሮ በፊዚክስ እንደምትመረቂ፣ በማስተርስሽ በፕላዝማ (ኤሌክትሮኖቹ ከአቶሞቹ በተለዩበት ጋዝ) ውስጥ የኤሌክትሮስታቲክ ሞገዶችን (የኤሌክትሪክ መስክ ብቻ ያላቸውን ሞገዶች) ጉዞ መቆጣጠር ላይ መሥራት እንደምትፈልጊ ነግረሽናል። ግቢሽ ፕላዝማ የሚሠራበት አየር አልባ ዕቃ፣ ማለትም ቫኩም ቻምበር ስለሌለው «ሙከራ ሳልሠራ ማን ይቀበለኛል?» ብለሻል።

ለመጀመሪያው እርምጃ ላፕቶፕሽ ይበቃል። ከማመልከትሽ በፊት ባለ አንድ ዳይሜንሽን የቭላሶቭ–ፖይሰን ኮድ (የኤሌክትሮኖችን ስርጭትና የሚፈጥሩትን የኤሌክትሪክ መስክ አብሮ የሚያሰላ) በፓይተን ራስሽ ጻፊ። ርዝመት በደባይ ርዝመት (ፕላዝማው የአንድን ቻርጅ መስክ በሚሸፍንበት ርቀት)፣ ጊዜ ደግሞ በፕላዝማ ፍሪኩዌንሲ (ኤሌክትሮኖቹ በተፈጥሯቸው በሚወዛወዙበት) ተገላቢጦሽ ይለካ። የሳጥኑ ርዝመት 12.57፣ ፍጥነቱ ከ−6 እስከ 6፣ ግሪዱ በቦታ 64 በፍጥነት 128 ነጥብ፣ የጊዜ እርምጃው 0.1፣ የመነሻ ረብሻው 0.01 ይሁን። ኮዱ ልክ ከሆነ ሞገዱ በ1.416 እየተወዛወዘ በ0.153 ምጣኔ ይከስማል፤ የፊዚክስ ሊቁ ላንዳው በ1946 በቀመር የደረሰበት ዳምፒንግ (የሞገድ መክሰም) ይህ ነው።

0.307 ካገኘሽ ኮዱን አታፍርሺው። የለካሽው የመስኩን ኢነርጂ ነው፤ ኢነርጂ ከአምፕሊቲውድ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ በእጥፍ ይወርዳል። የከሰመው ሞገድ በጊዜ 134 አካባቢ ድንገት ከተነሳ ግን የፍጥነት ግሪዱ መሳሳት የፈጠረው ስህተት ነው፤ ነጥቦቹን 256 ስታደርጊያቸው ወደ 268 ይሸሻል። ረብሻውን 0.5 ብታደርጊው ሞገዱ ኤሌክትሮኖችን ያጠምዳል፣ መክሰሙም መሃል ላይ ይቆማል። ይህኛው እውነተኛ ፊዚክስ ነው፤ በደንብ አጥኚው።

ቀጥሎ ወደ ላብራቶሪ ቁጥሮች እለፊ። የኤሌክትሮን ሙቀቱ 2 ኤሌክትሮን ቮልት፣ እፍጋቱ በሴንቲ ሜትር ኪዩብ 1 ቢሊዮን በሆነ የአርጎን ፕላዝማ የአዮን አኩስቲክ ሞገድ (አዮኖቹ እንደ ድምፅ የሚወዛወዙበት ሞገድ) በሰከንድ 2.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በ100 ኪሎኸርዝ ርዝመቱ 2.2 ሴንቲ ሜትር ነው። ከ1 ሜጋኸርዝ ገደማ በላይ ግን አያልፍም። ኤሌክትሮኖቹ ሲሞቁ ሞገዱ ይፈጥናል፣ ዳምፒንጉም ይቀንሳል። ጥቂት ሂሊየም ሲጨመር ደግሞ ቀላሎቹ አዮኖች ፍጥነታቸው ወደ ሞገዱ ስለሚቀርብ ኢነርጂውን ይወስዱታል። ለመቆጣጠር በእጅሽ ያሉት እነዚህ ናቸው፤ ሙቀት፣ ጋዝና ፍሪኩዌንሲ።

በአገር ውስጥ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲውን የዋሸራ ጂኦስፔስና ራዳር ሳይንስ ላብራቶሪ ተመልከቺ። የምድር ወገብ ኤሌክትሮጄት (በላይኛው ከባቢ አየር የሚፈስ የኤሌክትሪክ ጅረት) በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ያልፋል፤ እዚያ ኤሌክትሮኖች ከአዮን አኩስቲክ ፍጥነት ሲበልጡ የሚነሳው ሞገድ የዚሁ ቤተሰብ ነው። ለውጭ አገር ስታመለክቺ ለፕሮፌሰሩ አንድ ገጽ ላኪ፦ የዳምፒንጉን ግራፍ ከቀመሩ መስመር ጋር፣ የ64፣ የ128 እና የ256 ነጥቦችን ንጽጽር፣ ከኮዱ ሊንክ ጋር።