ለግብር የሚወጣውን ለስእለት ባደርገውስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ባለፈው በጽዋ ማኅበራችን ቡና እየጠጣን ጭቅጭቅ ተነሣ። አንድ ወንድማችን «ሀብታሙ ላይ ግብር መጨመር አለበት» አለ። ባለቤቴ ሁለት ሱቅ አለው፤ ተቆጣ። «አቦ፣ ሠርቼ ባገኘሁት ለምን ከሌላው አብልጬ እከፍላለሁ? መጽሐፍም ባለጠጋው አይጨምር ይላል» አለ። ቤት ከገባን በኋላ ደግሞ «ለግብር የሚወጣውን ለቁልቢ ገብርኤል ስእለት ባደርገው ይሻላል፤ እዚያ ቢያንስ የት እንደገባ አውቃለሁ» ይለኛል። ነገሩ ከንክኖኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ይህን ነገር ደብቀው ስላልያዙት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብዙ ቤት ውስጥ ያለ ጥያቄ ነው።

ባለቤትዎ የጠቀሱት ቃል በእርግጥ አለ። ዘጸአት 30፥15 ላይ ነው። እስራኤል ሲቆጠሩ ሃያ ዓመት የሞላው ሁሉ ግማሽ ሰቅል ይሰጥ ነበር። ባለጠጋው አይጨምርም፤ ድሃውም አያጎድልም። ግን ይህ ገንዘብ ለምን እንደሚሰጥ እዚያው ተጽፏል። የነፍስ ቤዛ ነው። በነፍስ ዋጋ ሀብታምና ድሃ እኩል ናቸው፤ ማንም ነፍሱ ከጎረቤቱ ነፍስ አትበልጥም። ቃሉ የሚለው ይህንን ነው።

ሸክም ላይ ሲደርስ ግን ያው ኦሪት አቅም ያያል። ዘሌዋውያን 5ን ያንብቡ። በግ የሚችል በግ ያመጣል። በግ ያልቻለ ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት ርግብ ያመጣል። እሱንም ያጣ ጥቂት ዱቄት ይዞ ይመጣል። እመቤታችን ጌታን ይዛ ወደ ቤተ መቅደስ በወጣች ጊዜ የቀረበው የድሆቹ መሥዋዕት ነበር። ካህኑ «በጉ የታለ?» ብሎ አልመለሳትም።

ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለትም ያስታውሷታል። ሀብታሞቹ ከእርሷ ብዙ እጥፍ ጥለዋል። ጌታ ግን እጃቸው ላይ የቀረውንም አየ። እነርሱ ከትርፋቸው ሰጥተው ትርፋቸው አላለቀም። እርሷ ቤት ምንም አልቀረም። እኔ የግብርን ነገር ሳስብ ሁልጊዜ የምመለሰው እዚህች ሴት ጋ ነው። ከሰው ላይ ስንት ተወሰደ ብቻ ሳይሆን ስንት ቀረለት ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቀፊራ ገበያ ጆንያ ዘርግታ ቲማቲም የምትሸጥ እናት ሳሙና ስትገዛ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ትከፍላለች። ባለ ፎቁም ያንኑ 15 በመቶ ይከፍላል። ለእርሱ ምንም አይደለም። ለእርሷ ግን ያቺ ብር የልጇ የቁርስ ዳቦ ናት። በሌላ በኩል ካለው ላይ ከፍ ተደርጎ ካልተወሰደ ሸክሙ የሚያርፈው በእርሷ ጀርባ ላይ ነው።

ክርክሩ የእናንተ ማኅበር ብቻ አይደለም። በ2025 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ የታችኛው ምክር ቤት ከ100 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ሀብት ያለው ሰው በየዓመቱ ቢያንስ የሀብቱን 2 በመቶ ይክፈል ብሎ ወሰነ። ሴኔቱ ደግሞ ውድቅ አደረገው። ደጋፊው «ደሞዝተኛው ከቢሊየነሩ የባሰ ይከፍላል» ይላል። ተቃዋሚው «ሀብታሙ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፣ ሥራም አብሮ ይሄዳል» ይላል። ይሄኛው ስጋት የክፋት ስጋት አይደለም፤ ሱቅ ሲዘጋ ሠራተኛው ነው መጀመሪያ ቤቱ የሚቀመጠው።

በእኛም አገር የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። ከፍተኛው 35 በመቶ ደግሞ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ ያርፋል። እንግዲህ ይህን ልብ ይበሉ። በወር 20,000 ብር አግኝቶ የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ልጅ የሚያስተምር ሰውና 500,000 ብር የሚያገኝ ሰው መጨረሻው መደብ ላይ አንድ ናቸው። እኔን ከጠየቁኝ ይህ ልክ አይመስለኝም። ብዙ ከተሰጠው ብዙ ይፈለግበታል። ግን 35 ይሁን 40፣ ይህን የምትወስነው ቤተ ክርስቲያን አይደለችም። ምእመናንም በዚህ ቢለያዩ ኃጢአት የለበትም። ከማኅበራችሁ ግን ሰው በቅናት «ይከፈልበት!» ካለ፣ እርሱም «አትመኝ» የሚለውን ትእዛዝ ያስብ።

ወደ ባለቤትዎ ምሬት ልመለስ። «የት እንደገባ አውቃለሁ» ያሉት ቃል ከባድ ነው። ጥንት ንጉሥ ግብር አበላ ሲባል ድግስ ነበር። ሕዝቡ የሰጠው ተመልሶ ማዕድ ሆኖ ሲቀርብ በዓይኑ ያይ ነበር። ዛሬ ሰው ማዕዱን ሲያጣ ይከፋዋል። መጽሐፍም ገዥውን ዝም አላለም። ሮብዓም የአባቱን ቀንበር አከብዳለሁ ቢል አሥሩ ነገድ ጥለውት ሄዱ። ቀራጮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው «ምን እናድርግ?» ሲሉት ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ አላቸው። በግብር ቢሮ የምትሠሩ ልጆቻችንም ይህን ስሙ። ግምቱ ከበዛ ባለቤትዎ ቅሬታ ያቅርቡ፣ ይከራከሩ፣ በስብሰባ ላይ ይናገሩ። መብታቸው ነው። መደበቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

የከተማችሁ ወንዝ ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። እንዲህ ያለውን ውኃ የሚያቆም ግንብ አንድ ሰው በስእለቱ አይሠራውም። የጋራ ነገር የጋራ ገንዘብ ይፈልጋል።

አሁን ስእለቱ። ማርቆስ 7 ላይ ጌታ የገሠጻቸው ሰዎች አሉ። ለአባትና ለእናታቸው የሚገባውን ገንዘብ «ቍርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» እያሉ ያስቀሩ ነበር። ግዴታቸውን በእግዚአብሔር ስም ሸፈኑት። የባለቤትዎም ሐሳብ፣ ቅንነታቸውን ባውቅም፣ ከዚህ አይርቅም። ስእለት ከራስ ነው የሚሰጠው። ለሌላ የሚገባውን ይዞ ቁልቢ መውጣት ገብርኤልን የዕዳ መሸሸጊያ ማድረግ ነው።

አንድ የገጠመኝን ልንገርዎ። ለመዘምራን ልብስ ጨርቅ ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ክር ያሰረ፣ ጨዋ ሰው ነው። ጨርቁን ለክቶ፣ መቀሱን ይዞ ቀና አለና «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» አለኝ። ዝም ስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ያለ ደረሰኝ ላድርግልዎ» አለ። በልቡ ቸርነት ያደረገ መስሎታል። በደረሰኝ ገዛሁ፤ ሲቆርጥ ግን ፊቱ ቅር ብሎት ነበር። እስካሁን አዝናለሁ፣ ቁጭ ብዬ ስላላስረዳሁት።

ይህን ለባለቤትዎ የማነሣው በምክንያት ነው። በ1,000 ብር ዕቃ ላይ ደንበኛው የሚጨምራት 150 ብር የባለሱቁ ገንዘብ ሆና አታውቅም። አደራ ናት። ገቢ ግብሩ በዛ አነሰ ብሎ መከራከር ይቻላል። ይህችን ተቀብሎ ማስቀረት ላይ ግን ምንም የሚያከራክር የለም፤ ሌብነት ነው።

ሐምሌ የግብር ወር ነው፤ የቁልቢው ንግሥም በዚሁ ወር፣ በ19 ነው። ባለቤትዎ መጀመሪያ መዝገቡን አስተካክለው ይክፈሉ፣ ስእለታቸውንም ከቀረው ይሳሉ። ጥቂት ቢሆን አይፈሩ። ያለፉት ዓመታት ላይ የተደበቀ ካለ ደግሞ የንስሐ አባታችሁ ዘንድ ይሂዱ። ዘኬዎስም የቀራጮች አለቃ ሆኖ ሳለ፣ የበደለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለ ዕለት ነው ጌታ ቤቱ የገባው። ወደ ንስሐ አባታችሁ ብቻቸውን አይላኳቸው፤ እርስዎም አብረው ይሂዱ።