ከፕሮፋይል ፎቷችሁ ጀርባ ያለውን ለቤታችሁ ንገሩ

ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች፣ በተለይ አረብ አገር ላላችሁ። ጅዳ በሰው ቤት ስሠራ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። አዲስ መጪ ሲወድቅ ሲነሳ አይቻለሁ። ስለዚህ ሳላለሳልስ ነው የምነግራችሁ።

1. ወረቀት። ኢቃማችሁን (የመኖሪያ ፈቃዳችሁን) ጊዜው ሳያልፍ አሳድሱ፣ የፓስፖርታችሁን ኮፒ ቤት አስቀምጡ። ይህን ማንም ይነግራችኋል።

2. ፎቷችሁን ማን እንደሚያይ ወስኑ። ዋትሳፕ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ለምታውቋቸው ሰዎች ብቻ አድርጉት። ቴሌግራም ላይ ደግሞ የድሮ ፎቶዎቻችሁ፣ ካላጠፋችኋቸው፣ ከአዲሱ ኋላ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ፎቷችሁንና ስማችሁን ወስዶ «ስልኬ ጠፍቶ ነው፣ በዚህ ላኩልኝ» የሚል ሌባ ሞልቷል። ድምፅ ሳትሰሙ አምስት ሳንቲም አትላኩ። ለቤተሰብም ይህንኑ ንገሩ።

3. ፎቷችሁን በጥቁር ወይም በሻማ ከመቀየራችሁ በፊት ቤት ደውሉ። እናንተ ከፍቷችሁ ቀየራችሁት። እዚያ እናት ጎረቤት ጠርታ «ማን ሞቶባት ነው?» ትላለች። እናቶቻችን ፎቶ በጣት እያሰፉ ነው የሚያዩት፤ ከሳች፣ ጠቆረች፣ ዓይኗ አብጧል ይላሉ። በእነሱ አትፍረዱ። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ ስልክ ተቋርጦ፣ እኛስ የእናት የአባታችንን ፕሮፋይል እየከፈትን ስንዘጋ አልነበረም እንዴ? ህዳር መጨረሻ ከተሞቹ እስኪለቀቁ ያንን ፎቶ ነበር የምናየው።

4. የማዳም ሶፋ ላይ ፎቶ አትነሱ። እዚህ ላይ እቆጣለሁ።

በቅርቡ የአንዲት የአገሬን ልጅ ፎቶ አየሁ። ጠርዙ ወርቃማ የሆነ ሶፋ ላይ እግሯን አጣምራ ተቀምጣለች። ሻርፗ አዲስ ነው። ሰፋ አድርጌ ሳየው ከሶፋው ጥግ የመወልወያው እንጨት ብቅ ብሏል። እጆቿን ሻርፑ ስር ደብቃቸዋለች። በረኪና የበላው እጅ ምን እንደሚመስል ስለማውቅ ለምን እንደደበቀቻቸው ገባኝ። ደሴ ያለችው ታናሿ ግን የምታየው ሶፋውን ነው። ከስሩ «ማሻአላህ! እኔንስ መቼ ነው የምትወስጅኝ?» ብላ ጽፋለች።

ሳዑዲ ውስጥ በሞባይል ካሜራ የሰው ገመና መግለጥ ወንጀል መሆኑንም አትርሱ። ሕጉ እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል ቅጣት አለው። ለአንዲት ፎቶ ብላችሁ የማዳምን ሳሎንና ልጆች ለዓለም አታሳዩ።

ወንዶቹም ያው ናችሁ። በረሃ ውስጥ ፍየል እየጠበቃችሁ፣ ከተማ የወጣችሁ ቀን የማታውቁት ሰው መኪና ተደግፋችሁ ትነሳላችሁ። ያቺ ፎቶ ኮምቦልቻ ፑል ቤት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። ደላላውም ስልኩን ዘርግቶ «አየኸው? ትናንት እዚህ አብሮህ የነበረው ነው» ይላል። ሳታውቁት ማስታወቂያ ሆናችሁለት።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ታውቁታላችሁ። ባቲ፣ የአፋር በረሃ፣ የጅቡቲዋ ወደብ ኦቦክ፣ ጀልባ፣ የመን። የመን ላይ አጋቾች ይዘው እየደበደቡ «ብር ላኩ» ብሎ ቤት ያስደውላሉ። በሬው ይሸጣል፣ መሬቱ ይከራያል። የሰፈራችን አንድ ልጅ በዚህ መንገድ ወጥቶ እስከ ዛሬ ድምፁ አልተሰማም። ፌስቡኩ ላይ አሁንም ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጁን ኪሱ ከቶ ፒያሳ ቆሟል። እናቱ ያንን ፎቶ አሳጥባ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። እኔን እንኳ አንድ ቀን ደውሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ እያልኩ እስካሁን ይቆጨኛል።

በ2006 ሳዑዲ ከ160,000 በላይ ሰው ስትመልስስ ረሳችሁት? ስንቱ ቦሌ ላይ ፌስታል ይዞ ወረደ። ፌስቡኩ ላይ ግን ሶፋውም መኪናውም አልተነሳም ነበር።

አታጊጡ አላልኩም። ለዒድ፣ ለመውሊድ፣ ለገና ልበሱ፣ ተነሱ፣ አምሮባችሁ ታዩ። ግን ፎቶውን በለወጣችሁ ቀን ማታ ለታናናሾቻችሁ ደውሉ። ሶፋው የማን እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት ተነስታችሁ ስንት ሰዓት እንደምትተኙ፣ ደሞዝ ስንት ወር እንደተያዘባችሁ ንገሯቸው። «እናቴ ትጨነቃለች» የምትሉ ለእናት አትንገሩ፤ ለወንድም፣ ለእህት ንገሩ። ሻንጣ ማዘጋጀት የጀመረ ካለ ደግሞ የእኔን ስልክ ስጡት። ከሥራ ስወጣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ።